የባጃጅ ቤት ዜማ

«ይወጣል አልኩሽ!»

«ይወርዳል!»

«እማ ትሙት ይወጣል! ‹ገና› ሲሉ ድምፃቸው ሽቅብ ነው።»

«ሽቅብ አይደለም ስንዱ። ‹ገና› ብለው ቁልቁል ነው የሚሄዱት። ጆሮሽን ታጠቢው።»

«የኔስ ታጥቧል። የማኅሌት ብዛት ያደነቆረሽ አንቺ ነሽ!»

ስንዱ ሽቅብ ያለችውን ለማሳየት አገጯን ወደ ባሕር ዛፉ ጫፍ ቀስራ «ገና-አ!» አለች። እህቴ የሺ አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ እንደ ተቆጣች እናት «ገና» አለች። ሁለቱ ጓደኞቻቸው አንዴ ወደ አንዷ፣ አንዴ ወደ ሌላዋ ያያሉ። ከትምህርት ቤታችን አጥር ጀርባ ነበርን፤ ጉሙ ከሊማሊሞ በኩል ተነስቶ የቆርቆሮውን ጣሪያ ግማሹን ውጦታል። አራቱ ስምንተኛ ክፍል ናቸው፤ እኔ አራተኛ። እዚያ የተገኘሁት እናቴ «ከየሺ እግር እንዳትለዪ» ስላለችኝ ነው።

ጠባቸው የምር ነበር። ሰኔ መጨረሻ በሚከበረው የወላጆች ቀን «ገና ነኝ»ን ሊዘፍኑ ነው። ዳይሬክተሩ ፈቅዷል። ዘፈኑ ግን በእጃቸው የለም። የዘፈኑት አራት ሴቶች ናቸው፤ የቡድናቸውን ስም ደባርቅ ውስጥ በትክክል የሚጠራው ሰው ስላልነበረ ሁሉም «አራቱ» ነበር የሚላቸው። ያን ዓመት ባጃጁም፣ ሚኒባሱም፣ ሻይ ቤቱም ከአራቱ ሌላ አያውቅም ነበር። ከእኛ መሀል ግን ሞባይል ያላት የለችም። የስንዱ ወንድም አለው፤ እሱ ደግሞ ቱሪስት ይዞ ወደ ተራሮቹ፣ ቡይት ራስ ከወጣ ሳምንት ይቆያል፤ ሲመለስም ስልኩን በመሀረብ ጠቅልሎ ነው የሚተኛበት። ስለዚህ ዘፈኑን የምንሰማው በማለፍ ነበር። ባጃጁ ሲያልፍ ሁለት ስንኝ ይጥልልናል፤ ሦስተኛውን ይዞት ዳገቱን ይወጣል።

«ለምን አንጽፈውም?» አልኩ።

«ጽፈነዋልኮ» አለች ስንዱ፣ ደብተሯን እያወዛወዘች። «ከነአዝማቹ።»

«ግጥሙን አይደለም። ዜማውን።»

«ዜማ ደግሞ ይጻፋል እንዴ?» ሦስቱ ሳቁ።

«አባባ ሲጽፉት አይደል የሚውሉት?»

የሺ ብቻ አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ ዓይኔን አየችኝ። «ትችያለሽ?» አለችኝ በቀስታ። እችላለሁ አልኩ። ያኔ የማልችለው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ይህን ሁሉ ከዓመታት በኋላ ያስታወሰኝ ሽታ ነው። ባለፈው ወር ከዳባት ወደ ደባርቅ ስሄድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ጥቁር ነገር የሞላ የውሃ ፕላስቲክ በጉልበታቸው መሀል አጣብቀው ይዘው ነበር። መንገዱ ሲያንገጫግጨን ክዳኑ ላላና ሽታው ወጣ። ተሳፋሪው በነጠላውም በክንዱም አፍንጫውን ያዘ። ረዳቱ ዞር ብሎ «አባ፣ ምን ሞቶብዎት ነው?» አለ። ሰዉ ሳቀ። እኔ ሽታውን እስከ ሳንባዬ ሳብኩት። የብራና መጻፊያ ቀለም ነበር።

አራተኛ ክፍል በነበርኩበት በዚያ ዓመት ሥራዬ ቀለም ማማሰል ነበር። አባባ ገብስ ከሰል እስኪሆን ያሳርሩና፣ ከጥላሸትና ከቅጠል ጋር በውሃ በጥብጠው ገንቦ ውስጥ ይከቱታል። ከዚያ ወራት ይቀመጣል፤ ይሸታል፣ ይብላላል፤ ጠዋትና ማታ የሚያማስለው ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። እጄን በሳሙናም ብታጠብ፣ በአመድም ብፈትግ አይለቀኝም። ክፍል ስገባ የኋላ ወንበር ላይ ያሉት «መስኮት ክፈቱ፣ ማንጠግቦሽ መጣች!» ይላሉ። እኔ ግን እኮራበት ነበር። እንደዚያ የሚሸት ሰው በከተማው ውስጥ ሁለት ብቻ ነው፦ አባባና እኔ።

አባባ መሪጌታ ናቸው፤ ተማሪዎቻቸው የኔታ ይሏቸዋል። ዜማ የሚያስተምሩበት ቤት ከእኛ ቤት ጋር በአንድ የጭቃ ግድግዳ ይገናኛል። የኔና የየሺ መደብ በዚያ ግድግዳ ሥር ነው። ገና ሳይነጋ ከግድግዳው ወዲያ ድምፅ ይጀምራል። አንዱ ይሳሳታል፤ አባባ «ተመለስ» ይላሉ። ይመለሳል፤ ይሳሳታል። «ድፋት ነው እሱ፤ ምነው ቀና አደረግኸው?» ይላሉ። እኔ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዬ ስቤ፣ በጣቴ ጭቃው ላይ ድፋት እሠራለሁ። ቀን ቀን ደግሞ የአባባን የብራና ገጾች ፀሐይ ላይ ሳሰጣ፣ በጆሮዬ የማውቀውን በዓይኔ አገኘዋለሁ።

ምልክቶቹ ከፊደሉ በላይ የሚቀመጡ ትንንሽ ጭረቶችና ነጥቦች ናቸው። ድፋት እንደ ተደፋ ቅል ነው። ደረት እንደ ሳህን ቀና ይላል፤ ድምፁ ግን ወርዶ ከደረት ይወጣል። ርክርክ የነጥብ ሰልፍ ነው። ለእኔ ምልክቶቹ የዶሮ ዱካ ነበር የሚመስሉኝ። ዜማውን የደረሰው ቅዱስ አንድ ቀን ብራናውን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ሲተኛ ጫጩት ቀለም ረግጣ የሄደችበት፣ ሲነሳ ደግሞ ሳያጠፋው ያዜመው ነገር ይመስለኝ ነበር። ለዚህም ሲባል ዶሮዎቻችንን ቀለም አስረግጬ በደብተሬ ላይ አስኬጃቸው ነበር። የሄዱትን ስዘምረው ግን ዜማ አልሆነልኝም።

ስለ አራቱ ዘፋኞችም ያወቅሁት እንደዚሁ ነው። የአንድ እናት ልጆች ይመስሉኝ ነበር። ቀጭን ድምፅ ያላት ታናሻቸው ናት፤ ታዝላ ያደገች። በጎርናና ድምፅ ከሥር የምትይዛቸው ታላቃቸው ናት፤ ውሃ የምትቀዳው፣ እሳት የምታነደው እሷ ናት። ሁልጊዜ ከሥር በመሆኗ አዝንላት ነበር።

የሺም ታላቄ ናት። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል መግባት ትፈልጋለች። በዚያው ዓመት ከፋሲካ በኋላ፣ እናቴ ለአክስቴ ስትነግራት የሰማሁት፣ ያኔ ያልገባኝ ነገር ግን ሌላ ነው። ከአባባ ተማሪዎች መሀል ቀዳሚው ከጃናሞራ የመጣው ዲያቆን ምናለ ነው። ዲያቆን ቄስ መሆን ካሰበ አስቀድሞ ማግባት አለበት፤ የሚያገባትም ስሟ በከተማ ያልተነሳ፣ ከደህና ቤት የወጣች ልጅ መሆን አለባት። «ከመሪጌታ ቤት የተሻለ የት ይገኛል?» አለች እናቴ። «መሪጌታም ዓይናቸው ደክሟል። ምናለ ወንበራቸውን ይወርሳል፤ የተማሪዎቹ ጉባኤ አይበተንም። ሰኔ ሳያልቅ ሽማግሌ ይመጣል፤ ሠርጉ ለጥር።»

የሺ ይህን ታውቅ ነበር። አባባ ፊት ግን «አይሆንም» የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። በቤታችን እንዲህ ያለ ቃል ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለውም የምናውቅ አይመስለኝም። የዘፈኑ አዝማች ደግሞ ይህ ነው፦

ሽማግሌ ቢመጣ ንገሩልኝ፣ ገና ነኝ፤
ጫማዬን አልለመድኩት፣ መንገዴም አላለቀ፣ ገና ነኝ።

የወላጆች ቀን ከተማው ሁሉ ይመጣል፤ ካህናቱም ይመጣሉ። የመሪጌታ ልጅ መድረክ ላይ ወጥታ ይህን ካለች፣ ለዲያቆን ምናለ የሚለምኑ ሽማግሎች በደጃችን አያልፉም። ለዚህ ነው «ገና» ይወጣል ይወርዳል ብለው ሊናጩ የደረሱት። እኔ ግን ለሽልማቱ መስሎኝ ነበር፤ ለአሸናፊ አንድ ደርዘን ደብተር ይሰጣል ተብሎ ነበርና።

ከማግስቱ ጀምሮ መናኸሪያ መዋል ጀመርን። ከጎንደር የሚመጣው አውቶቡስ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ይገባል። ዕቃ ከጣሪያ እስኪወርድ ድረስ ሾፌሩ ዘፈኑን አያጠፋም፤ «ገና ነኝ» ደግሞ በየቀኑ አለ። የሺና እኔ በጎማው ጥግ እንቆማለን። ቀለሙን በመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ ከገንቦው ሰርቄዋለሁ፤ ብዕሬ ከአባባ የተጣለች መቃ ናት፤ የምጽፈው በክንዴ ላይ ነው።

በሦስተኛው ቀን ረዳቱ ከጣሪያ ላይ አየን። «እናንተ የቄስ ልጆች! ዛሬም መጣችሁ? ጠበል ረጩልና፣ ፍሬናችን አላስተማመነንም!»

የሺ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

«ዘፈኑን ድገመው» አልኩት እኔ።

«ምን ትሰጪኛለሽ?»

«ጠበል።»

ከት ብሎ ሳቀና ወደ ሾፌሩ ጮኸ፤ «ጋሼ፣ ከመጀመሪያው መልሰው! የመሪጌታ ልጅ ልትባርከን ነው!»

ያን ቀን ከአንዲት ቃል በቀር እስከ መጨረሻው ሰማነው። ክንዴ ሞላና ወደ እግሬ ባት ወረድኩ። ሰዎች ቆመው ያዩኛል። አንዲት ድንች ሻጭ «ልጂቱን ምን ነካት? ኩፍኝ ነው?» አለች።

ሳይመሽ ከደብተር በገነጠልኳት ወረቀት ላይ ገለበጥኩት። ወረቀቷ ትንሽ ስለነበረች ግጥሙን ሙሉ አልጻፍኩትም። በዜማ መጻሕፍት አንድና ሁለት ፊደል ብቻ የሚቀመጥበት አሠራር አለ፤ ተማሪ ፊደሏን ሲያይ ሙሉውን ያስታውሳል። እኔም እንደዚያ አደረግሁ፤ ከየቃሉ አንድ ፊደል፣ ከላዩ ምልክት። አንድ ቦታ ብቻ ባዶ ተውኩ። «ገና» የሚለው ላይ። አዝማቹ ሲደርስ ሾፌሩ ሁሌም ሞተሩን ያስጮህ ነበርና ሦስቱንም ቀን አልለየሁትም። ሽቅብ የሚወስደው ምልክት ቅናት፣ ቁልቁል የሚወስደው ደረት እንደሚባል ነገርኳቸው። ስንዱ «ቅናት አድርጊበት፣ ይውጣ» አለች። የሺ «ደረት ነው» አለች። ተጣሉ። ባዶ ቀረ።

ከዚያ ወረቀቱን መደበቂያ አጣሁ። እናቴ ቤት ስትጠርግ ምንጣፍ ሥር፣ ትራስ ሥር፣ ሰው ጆሮ ሥር ሳይቀር ነው የምታየው። እሷ የማትነካው ነገር ቢኖር የተማሪዎቹን መጻሕፍት ነው። በአባባ ማስተማሪያ ቤት ግድግዳ ላይ መጽሐፍ የሚከተትባቸው የቆዳ ማኅደሮች ተሰቅለው ይውላሉ። ለበሩ የቀረበው ውስጥ ወረቀቴን ሸጎጥኩ። የማን እንደሆነ አላየሁም።

በማግስቱ ጠዋት ቀለሜን እያማሰልኩ፣ የሺም ልብስ እያሰጣች፣ ከወዲያ ቤት የምናለ ድምፅ መጣ። ድምፁ ሰፊ ነው፤ ሲጀምር ቤቱ ይጠብበታል። በመጀመሪያ አላወቅሁትም። በጣም ዝግ ብሎ፣ እያንዳንዷን ፊደል እየጎተተ፣ አንዷን ርክርክ አንድ ኩባያ ውሃ በሚጠጣበት ጊዜ ያህል እያንቀጠቀጠ ነው የሚሄደው። ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርስ የሺ እጇ ላይ የነበረውን ቀሚስ ጭቃ ላይ ጣለችው።

«ገና ነኝ» ነበር።

እንዴት ሊሆን እንደቻለ በኋላ ገባኝ። ምልክት ብቻውን ያን ያህል አይናገርም፤ የቀረውን የሚሞላው ጆሮ ነው። የምናለም ጆሮ እንደማንኛችንም ደባርቅ መንገድ ላይ ነው የሚውለው። ከየት እንዳወቀው ሳያውቅ አወቀው።

የሺና እኔ ወደ ግድግዳው ሮጠን ጆሯችንን ለጠፍን።

«ከየት ያመጣኸው ነው?» አሉ አባባ።

«ማኅደሬ ውስጥ አገኘሁት የኔታ። ማን እንደተወው እንጃ። የኛ አልመሰለኝም።»

የዜማ ትምህርት ብዙ ቤት አለው፤ አንዱን ጸሎት አንዱ ቤት አንድ ዓይነት፣ ሌላው ቤት ሌላ ዓይነት ያዜመዋል። ስለዚህ ተማሪዎቹ የየትኛው ቤት ነው እያሉ ወዲያው ለክርክር ተነሱ።

«አጫብር ነው!» አለ አንዱ። «አጫብር ነው እንዲህ የሚያወርደው።»

«ምን አጫብር! ቆማ ነው። እኔ በለሳ ስማር ሰምቼዋለሁ።»

«አንተ በለሳ ከሽሮ ሌላ የሰማኸው የለም።»

«ዝም!» አሉ አባባ። «ምናለ፣ ድገመው።»

ደገመው። ሁለተኛውን ጊዜ አሳምሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሳይሆን አይቀርም።  ከዚያ አባባ በዚያ በማይቸኩለው አነጋገራቸው፦

«አጫብርም አይደለም፤ ቆማም አይደለም» አሉ። «ይህ የባጃጅ ቤት ነው።»

ሳቁ ግድግዳውን ነቀነቀው። የሺ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ከፋሲካ ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር። ቀና ስትል ግን ዓይኗ ሌላ ነበር። «ማንጤ» አለችኝ፤ «አለቀልን።»

ማታ አባባ ወረቀቷን ይዘው ገቡ። አልተቀመጡም። እናቴ ኩራዙን አነሳችላቸው።

«ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ» አለች የሺ።

«አንቺ ነሽ። ደግ። እስቲ አንብቢው።»

የሺ ወረቀቷን ተቀብላ ጀመረች። ዘፈኑን ታውቀዋለች፤ ምልክቱን ግን አታውቅም፤ ስለዚህ የምታስመስለው ጣቷን በላዩ ላይ እያስኬደች ነው። ሁለተኛው መስመር ላይ ሂደት አለ፤ ድምፁ ሳይቋረጥ መሄድ አለበት። እሷ ግን ትንፋሽ አጥሯት አቋረጠችው።

«ሂደት ነው እሱ! አታቋርጪው!» አልኩ።

አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ፤ አልፏል። እናቴ «አበስኩ ገበርኩ!» አለች። አባባ ወደ እኔ ዞሩ፤ እንደ ሁልጊዜው ሲያዩ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው። ከዚያ ጎንበስ ብለው እጄን አሸተቱት።

«ከማን ተማርሽ?»

«ከግድግዳው።»

«ከምን?»

«ከግድግዳው። እኔ በዚህ በኩል ነው የምተኛው።»

አሁን ተቀመጡ። ወረቀቷን ለኩራዙ አስጠግተው ረጅም ጊዜ አዩዋት። «ሁለት ዓመት ሙሉ እነዚያን ሂደት አታቋርጡ ስል» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። እኔ ሊመቱኝ ነው ብዬ ተኮራምቻለሁ። እሳቸው ግን በጥፍራቸው አንድ ቦታ ነኩ። «እዚህ ላይ ጭረት ቀርቶሻል።» ከዚያ ፊታቸው ተመልሶ ኮስተር አለ። «ምልክቱ የቅዱስ ነው፤ ለዘፈን የተሰጠ አይደለም። ይህ እኔ ዘንድ ይቆያል። ለወላጆች ቀን እንደሆነም ሰምቻለሁ፤ የሺ መድረክ አትወጣም።»

«እሺ፣ አባባ» አለች የሺ።

ይህን ብቻ ነበር ያለችው። ሌሊቱን ግን ጀርባዋን ለእኔ ሰጥታ፣ አንዲት ድምፅ ሳታወጣ፣ ትራሱን በጣቷ ስትመታ ተሰማኝ። ምቱ የዘፈኑ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ምናለ ወደ ገንቦዬ መጣ። ተማሪዎቹ «ባጃጅ!» እያሉ ሲጠሩት ሁለት ቀን ሙሉ ውለዋል፤ ሲያልፍ በአፋቸው ጥሩምባ ይነፉለታል። ደበሎውን ሰብስቦ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«ማንጤ፣ ያ ነገር ቃል አለው?»

«አለው።»

«እስቲ በይልኝ።»

አልኩለት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በንባብ፣ እንደ ውዳሴ ማርያም። ሽማግሌ ቢመጣ ንገሩልኝ የሚለው ላይ ስደርስ መሬቱን በእንጨት መጫር ጀመረ።

«ለእኔ ነው?»

«አይደለም!» አልኩት፤ አዘንኩለት። «ለሁሉም ነው። ባጃጁም ይለዋል፤ አውቶቡሱም ይለዋል።»

ሳቅ አለ፤ ከዚያ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «ድፋትሽ ቆንጆ ነው» አለኝ። «የኔታም ብለዋል።» ሊሄድ ተነሳና ቆመ። «አባቴ ግን ሰዎቹን ልኳል። መንገድ ላይ ናቸው። እኔ ከልክል ብባል እንዴት አድርጌ እከለክላለሁ? አባት ነው።»

ይህም ምን እንደሆነ አልገባኝም።

እሑድ ሁለት ሽማግሎች መጡ። ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ እግራቸው እስከ ጉልበት ጭቃ። ተቀመጡ ቢባሉ አይቀመጡም፤ ቆመው ነው የሚናገሩት። ስለሰረቅሁት ቀለም ሊከሱኝ የመጡ ስለመሰለኝ ከማድጋው ጀርባ ገባሁ። ለአንዲት ብልቃጥ ቀለም ከጃናሞራ ድረስ ሰው በእግሩ መምጣቱ ገረመኝ። ደግሞ ዱላ ይዘዋል።

«መሪጌታ፣ የመጣንበትን ያውቁታል» አለ ትልቁ። «ልጅዎን ለልጃችን።»

ከማድጋው ጀርባ እኔን ለምናለ አገልጋይ አድርገው ሊሰጡኝ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ቀለሙን ከፍዬ እስክጨርስ። ማልቀስ ስጀምር የሺ በጨለማው እጄን ያዘችኝ። እሷም እዚያው ተደብቃለች። 

እናቴ እልል ልትል አፏ ላይ ደርሷል። አባባ እጃቸውን አንስተው ከለከሏት። ከዚያ፦ «ምናለ ልጄ ነው» አሉ። «ከእሱ የተሻለ ተማሪ ወንበሬ ላይ አላስቀምጥም። ቅዳሜ ተመለሱ። ልጂቱን ልስማት።»

«ልጅ ደግሞ ምኗ ይሰማል?» አለ ሁለተኛው፣ በክፋት ሳይሆን ተገርሞ።

«ይሰማል» አሉ አባባ። «እኔ ጆሮዬ እስካሁን አልደከመም።»

ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ አባባ የሺን ምንም አልጠየቋትም። የወላጆች ቀን ዐርብ ነበር።

ዐርብ ጠዋት እናቴ ጎረቤት ልቅሶ ልትደርስ ወጥታለች። ጉሙ እስከ ደጃፋችን ወርዷል። ከትምህርት ቤቱ በኩል ድምፅ ማጉያ ሲሞከር ይሰማል፤ «ሄሎ፣ ሄሎ፣ አንድ፣ ሁለት» ይላል፤ ከዚያ ያፏጫል። አባባ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው፣ ብራናቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ይጽፋሉ። የዜማ ትምህርት የለም፤ የአባባ ተማሪዎች ሁሉ ወደ በዓሉ ሄደዋል። እኔ አንዱን ጫማዬን አድርጌ ሁለተኛውን አጥቼ መደቡ ሥር እፈልጋለሁ።

የሺ ከጓዳ ወጣች። የደንብ ልብሷን ለብሳለች፤ አጥባ በፍራሽ ሥር አስተኝታ አስተካክላዋለች። ፀጉሯን ሹሩባ ተሠርታለች። ማን እንደሠራት አላውቅም፤ ሳይነጋ ስንዱ ጋ ሄዳ ሳይሆን አይቀርም። ወለሉ መሀል ቆመች። ወደ በሩም አልሄደች፣ ወደ ጓዳም አልተመለሰች።

አባባ አልዞሩም። ብዕራቸው ግን ቆመች።

«የሺ።»

«አቤት፣ አባባ።»

ከዳዊታቸው ሥር የኔን ወረቀት አወጡ። አልተቀደደችም፤ ጠርዟን እንኳ በጥንቃቄ አስተካክለውላታል። የረሳሁት ጭረት በእሳቸው እጅ ገብቷል።

«ማንጤ አንድ ቦታ ባዶ ትታለች» አሉ። «‹ገና› የሚለው ላይ። ለምን ተወችው?»

«አልተስማማንም፣ አባባ። ስንዱ ይወጣል ትላለች።»

«አውቶቡሱስ ምን ይላል?»

«እሱ ላይ ሞተሩ ይጮኻል። አይሰማም።»

«እሱስ ደግ» አሉ አባባ። አሁን ዞሩ። በጠበበው ዓይናቸው ሹሩባዋን፣ ልብሷን፣ የታጠበ እግሯን አዩ። ድምፅ ማጉያው ከሩቅ የአንድ ልጅ ስም ጠራ። «አንቺን ነው የምጠይቅሽ፤ አውቶቡሱን አይደለም። ከወጣ ልመና ነው፤ እባካችሁ ማለት ነው። ከወረደ ቃል ነው፤ የተቆረጠ ነገር ነው። ልመና ከሆነ እኔ አለሁ፤ ልመናን ሰው አይቶ ያመዛዝነዋል። ቃል ከሆነ ግን ቅዳሜ ለሰዎቹ የምነግራቸው እሱኑ ነው፤ ምናለም ይሄዳል፤ ወንበሬንም ማን እንደሚይዘው አላውቅም። ይህን አውቀሽ በይ። ይወጣል ወይስ ይወርዳል?»

የሺ እጆቿን ልብሷ ላይ ጠረገች።  እኔ ጫማዬን ትቼ ልልላት ነበር፤ ደረት ነው ልል፤ ግን አባባ ሳያዩኝ አንዲት ጣት አነሱብኝ።

«ይወርዳል፣ አባባ» አለች።

«ከየት?»

«ከደረት።»

አባባ ቀለም ነከሩ። ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው፤ የብዕሯን ጫፍ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩ፣ ትርፉን በብልቃጡ አፍ ላይ አራገፉ። ከዚያ «ገና» ላይ ደረት አኖሩ፤ ቀና ያለች፣ ትንሽ፣ የተስተካከለች። ወረቀቷን ወደ እኔ ዘረጉ።

«አንቺ እስኪደርቅ በሁለት እጅሽ ያዢ። እንዳታዘነብዪው።»

ወረቀቷን በጠርዝና በጠርዝ ያዝኩ። አንድ እግሬ ባዶ ነው። ቀለሙ ገና ያብረቀርቃል፤ ካንቀሳቀስኩት ይፈስሳል፤ እስኪደርቅ ከጠበቅሁ ደግሞ ዘፈኑ ያመልጠኛል። የሺን አየኋት። እሷ እኔን አላየችኝም፤ የአባባን ጀርባ ነበር የምታየው። እንደገና ወደ ብራናቸው ዞረው ነበር።

«አባባ፣ ልሂድ?»

አባባ ለሥራቸው አጎነበሱ።

«ስትወጪ በሩን ዝጊው» አሉ። «ይሄ ጉም ቀለም አያደርቅም።»

የሺ ወጣች፤ በሩም ተዘጋ።